ባትሪ የሌላት አራተኛዋ ሣጥን

የቀላል ባቡሩ ሥራ ጉርድ ሾላን ቆፋፍሮ ሲያተራምሳት፣ እኔ ከወሰን ሰፈር እየተነሳሁ እንጦጦ ላይ የሬዲዮ ሞገድ ልረጭ እወጣ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ ርዕሱ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ከኪዳነ ምሕረት በታች ካለው የባሕር ዛፍ ደን፣ የጥበቃው ጎጆ ውስጥ፣ መብራት ላይ የተሰካ አንድ ማሰራጫ አስቀመጥኩ። ዛፎቹ ላይ ደግሞ የደኑን ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ አራት ትንንሽ ሣጥኖች ሰቀልኩ። ሽቦ የላቸውም፣ ባትሪም የላቸውም። ከማሰራጫው ሞገድ ጥቂት ጥቂት ኃይል ያጠራቅሙና፣ ሲበቃቸው ልኬታቸውን ልከው ብልጭ ይላሉ። ብልጭታው በበዛ ቁጥር ኃይሉ ደርሷቸዋል ማለት ነው። መመረቄም የተንጠለጠለው እዚያው ዛፍ ላይ ነበር፤ ከሁሉም የራቀችው አራተኛዋ ካልሠራች የማልመረቅ መስሎኝ ነበር።

የደኑ ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ በድሮው ጦር አሥራ አንድ ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ እንደነበሩ ነገሩኝ። እኔም "በጣም ጥሩ" ብዬ ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

ሁለት ሳምንት አራተኛዋ ጭጭ አለች። ከዚያ ተአምር ሆነ፤ ተነሥታ ከአንደኛዋ ይበልጥ ብልጭ ትል ጀመር። እንደ ጤነኛ ሰው መጠራጠር ሲገባኝ ምክንያት ፈለግሁላት። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞገድን ሰብስቦ አንድ ቦታ ያደርሳል የሚል አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በምስክርነት ሰዓት ወጥቼ፣ ጌታ በአራተኛዋ ሣጥን ያደረገልኝን መሰከርኩ። ምእመኑ ስለምን እንደማወራ ባይገባውም "ሃሌ ሉያ" አለ።

አማካሪዬ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ዶክተር፣ ሃሌ ሉያ አላለም። "ከምንጩ በራቅሽ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል እያልሽኝ ነው? እንግዲያው ማሰራጫውን ናዝሬት እንትከለው" አለኝ። በዓይኑ ካላየ እንደማያምን ነግሮኝ አንድ ቀን አብረን ወጣን።

ጎጆው ጋ ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። ማሰራጫው አይሠራም። አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ድምፃቸውን አጥፍተዋል። አራተኛዋ ግን ምንም ሐሳብ ሳይገባት ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች።

አማካሪዬ ሄዶ ሣጥኗን ከዛፉ አወረደና ገለበጣት። ጀርባዋ ላይ ሁለት የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ በላስቲክ ተጠፍሯል፤ ሽቦው እኔ ከማያይዘው በተሻለ ጥራት ተያይዟል።

አባባ በኩራት ቀረብ አሉ። የሬዲዮአቸው ድንጋይ ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ነፍስ ሲዘራ መልሰው ያስሩላታል። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ ስትመጪ መጀመሪያ የምታዪው እሷን ነው። ጠፍታ ስታገኚያት ፊትሽ ይጠቁራል። እኔ ዜና ባልሰማ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።"

ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬዲዮ ሳይሰሙ ከርመዋል። ማልቀስ አማረኝ፤ ለእሳቸው ይሁን ለአሥራ አራቱ ገጽ ዛሬም አላውቅም። አማካሪዬ ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ሳቁ ሲወጣለት ፈታኞች ፊት የምቀርበው ከአሥር ቀን በኋላ መሆኑን አስታውሶ፣ ምን ላደርግ እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ገጾቹ አሳሱኝ፤ ያምሩ ነበር።

ቤት ገብቼ አሥራ አራቱንም ቀደድኳቸው። ድንጋዮቹንም እዚያው ፈትቼ ለአባባ መልሼላቸው ነበርና፣ በቀሩት ቀናት ደኑ ውስጥ ስውል እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ሬዲዮአቸውን እየሰሙ አብረውኝ ይጠብቃሉ። አራተኛዋ በቀን አንዴ ብልጭ ካለችልን እሰየው ነበር።

ፈታኞቹ ፊት ያለውን ተናገርኩ፤ ሦስቱ ሠርተዋል፣ በአራተኛዋ ርቀት ግን ኃይሉ አይበቃም። የሦስት ሳምንት ልኬት ለምን እንደጎደለ ሲጠይቁኝ የድንጋዩን ታሪክ ነገርኳቸው። አንደኛውን ፈታኝ የሚጠጣው ውኃ ትን አለው። ቀልዱ ሲያበቃ፣ ኃይሉ የት ድረስ እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም በትክክል ማሳየቴ በቂ ነው ብለው አሳለፉኝ።

በማግሥቱ ለአባባ ልነግራቸው ወጣሁ። ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ አራተኛዋ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ።

"ወደቀች፣ አባባ።"

"አንቺስ?"

"እኔ አለፍኩ።"

ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉና ከልባቸው ተቀይመው አዩኝ። "እሷን ጥለሽ አንቺ እንዴት ታልፊያለሽ?"

ያለፍኩት መውደቋን ስላልደበቅኩ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም።