ከብሪጋው ሥር የሚገባ ዘንግ

ልጅ ሳለሁ አባባ ተረት የሚያወሩት ውሃ ዳር ሲቀመጡ ብቻ ነበር። ያኔ የምንኖረው ስቶክሆልም፣ ሃሉንዳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ዘጠናዎቹ ተጋምሰዋል፣ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝዋይ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጥሉ ኖረው፣ ሴት አያቴ ሲያርፉ እማዬ ወደ እኛ አመጣቻቸው። ቤታችን ከገቡ ጀምሮ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። አሁን ተነሥቼ ልሂድ እንደሚል እንግዳ ነበር የሚመስሉት።

በሰፈራችን ያለውን ሐይቅ ያገኘነው ሰኔ ላይ፣ በስዊድን በጋ የትምህርት ዕረፍት ነው። ከቤታችን ጫካውን አቋርጦ ሩብ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ መንገድ ነበር። እዚያ ስዊድኖቹም እኛም ብሪጋ የምንለው፣ ወደ ውሃው የገባ የእንጨት መድረክ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ማንም መጥቶ እሳት የሚያነድበት በድንጋይ የተከበበ ቦታ። አባባ ጭራሮ ለቅመው ያነዱና ነበልባሉ ሲወርድ፣ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ተረት ይጀምራሉ። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር፤ ሹራቤ ላይ ሲያድር ግን ደስ ስለሚለኝ እማዬ እንዳታጥበው እደብቀው ነበር። ነሐሴ ሲገባና በጋውን ሙሉ ብርሃን የነበረው ምሽት ደብዘዝ ማለት ሲጀምር፣ አንዲት የሻማ ፋኖስ ብሪጋው እንጨት ላይ ይሰቅሉ ነበር፤ የፊታቸው ግማሽ በርቶ፣ ከዓሣ ልጅ ሊያጭ ስለሄደው ጉማሬ፣ ዓሣ እንዲጠብቅ አደራ ስለተሰጠው ድመት ይነግሩኛል። አማርኛውን እሰማለሁ፤ የምመልሰው ግን በስዊድንኛ ነበር። «እሺ በይ እንጂ፣ ለማን ነው የማወራው?» ይሉኝ ነበር አባባ።

በዚያው በጋ ነው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ያማራቸው። ቀን ቀን አቦሬ የሚባለው ሽንትርትር ዓሣ ጥላ ፍለጋ ብሪጋው ሥር ይተኛል፤ በጣውላዎቹ ስንጥቅ አጎንብሶ ለሚያይ ይታያል። አንዳንድ ወጣቶች በአጫጭር ዘንግ የሚያጠምዱት በተለየ መንገድ ነበር፦ ጭንቅላቱ ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት ያለበትን ትንሽ መንጠቆ በሁለት ጣት ይይዙና፣ ክሩን ስበው ዘንጉን እንደ ቀስት ያጎብጡታል፤ ሲለቁት መንጠቆው ውሃውን ታክኮ በርሮ ጨለማው ውስጥ፣ ከጣውላው ሥር ይገባል። አባባ ቆመው አዩ። «ይኼ ዓሣ ማጥመድ ነው ወይስ ወንጭፍ?» አሉና፣ ቤት እንደገባን ለእማዬ ዘንግ ልገዛ ነው አሏት።

እዚህ አገር ከመጡ አንድ ነገር ሲፈልጉ የመጀመሪያቸው ነበር። እማዬ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ አባዬ» ብላ ቀለደች፤ በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ «አስተርጓሚያቸው አንቺ ነሽ። አደራ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪያቸው» አለችኝ።

የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ አባባ አጫጭሮቹን አልፈው ከሁሉ ረጅሙንና ወፍራሙን አነሡ፤ እንደ ጦር አቁመው ያዙት። «ዘንግ ማለት ይኼ ነው። ያኛው የሕፃን መጫወቻ ነው» አሉ። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ረጅም ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ በስዊድንኛ አስረዳኝ። ለብሪጋ ሥር ይኼ አይሆንም፣ ርዝመቱ ጣውላውን ይመታል፣ ደረቅ ስለሆነም ለቀላል መንጠቆ አይጎብጥም፤ ከትከሻቸው የማይበልጥ፣ ጫፉ ለስላሳ ወገቡ ብርቱ የሆነ ይውሰዱ አለ። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል።

«ምን አለ?» አሉኝ አባባ።

ፊታቸውን አየሁት። እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ሽማግሌን፣ ያውም ፈረንጅ ፊት፣ ተሳስተዋል እንዴት ይባላል?

«ጎበዝ መራጭ ነዎት ብሏል» አልኳቸው።

በማግሥቱ ብሪጋው ላይ ሲሞክሩ ዘንጉ እምቢ አለ። አልጎብጥ ይላል፤ ሲጎብጥ ጫፉ ጣውላውን ይመታል፤ መንጠቆው እግራቸው ሥር ይወድቃል። በአራተኛው ሙከራ መንጠቆው አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። ወጣቶቹ አልሳቁም፤ እንዲያውም አንደኛው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው፣ ያ ደግሞ ከመሳቅ ባሰ። አባባ ደሙን በመሐረባቸው ጠረጉና «እጄ አርጅቷል» አሉ። እሳትም ሳያነዱ ወደ ቤት ተመለስን።

በዚያ ሳምንት ተረት አልነበረም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ምግብ አልበላ አለኝ፤ ሃምሳ ዓመት መረብ የጣለ እጅ በእኔ ውሸት ተሰደበ፣ የሰደቡትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ፊታቸው ቆምኩ። አማርኛዬን ከየትም ለቃቀምኩት።

«አባባ፣ እጅዎ አይደለም። ዘንጉ ነው። ሰውዬው ረጅም አይሆንም ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት።» ይኼን ብዬ አለቀስኩ።

ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ተነሺ» አሉኝ። ሐይቁ ዳር ወስደው እሳት አነደዱ፤ ፍሙ ቀላ ሲል ጀመሩ።

«አንድ ባላባት ነበር፤ ታንኳው ያፈሳል። እሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሩቅ ሩቁን ያያል፣ ውሃው ሲገባ የሚያዩት ከኋላው ያሉት ቀዛፊዎች ናቸው። ለጌታ ግን ታንኳህ ቀዳዳ ነው አይባልም። አንደኛው፣ ‹ጌታዬ፣ ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል› አለ። ውሃው ጉልበት ሲደርስ ሁለተኛው፣ ‹ጌታዬ፣ እግርዎን በመታጠብዎ ደግ አደረጉ› አለ። ወገብ ሲደርስ ሦስተኛው፣ ‹ጌታዬ፣ ሐይቁ እጅ ሊነሣዎት ተነሥቷል› አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ጨዋዎች ነበሩ፤ ነፍስ ይማር።»

እሺ ማለት እንኳ ረስቼ ነበር። «ተረቴን መልሽ፣ አፌን በዓሣ አብሽ» አሉኝ፤ «ዓሣ ግን የለንም። የማን ጥፋት ይሆን?» እያለቀስኩ ሳቅሁ። ያኔ ራሴን ዳበስ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ አገር ጆሮዬ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የተባለውን እንደተባለ ስጪኝ፤ መከፋቱን ለእኔ ተዪው።»

ዘንጉን ልንለውጥ ተመለስን። በዚህኛው ጊዜ አንድም አላስቀረሁም፤ ሻጩ «ባለፈው ረጅሙን ለምን እንደወሰዱ ገርሞኝ ነበር» ያለውን ሳይቀር ነገርኳቸው፣ አባባም ሳቁ። ሻጩ ጫፉን ይይዛል፣ እሳቸው እጀታውን ይዘው ያጎብጣሉ። አንደኛው እንደ እርጥብ ሣር ተልፈሰፈሰ። ሁለተኛው ደረቅ ነበር። ሦስተኛው ጫፉ ጎበጠላቸውና ወገቡ ጋ ሲደርስ መልሶ ገፋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙት። «ይኼኛው ይመልሳል» አሉ። ስተረጉምለት ሻጩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ አላውቅም፣ መንጠቆው ጣውላው ሥር ገባ፣ ክሩም ተወጠረ። መዳፌን የምታህል አቦሬ ነበረች። ፍም ላይ ጠብሰን እሾኋን እየለቀምን በላናት።

ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ጉማሬው ዓሣዋን ማግባት አለማግባቱን እንኳ አላስታውስም። የቀረልኝ ሌላ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ አባባ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ነው። ሐኪሟ በስዊድንኛ ለእኔ ነገረችኝ፤ እማዬ ኮሪደሩ ላይ «እንዳትነግሪያቸው፣ ይሻልዎታል ብላለች በያቸው» ብላ ለመነችኝ። አልፈርድባትም፤ በእኛ ዘንድ ለታማሚ ሞትህ ቀርቧል ማለት ጭካኔ ነው። እኔ ግን ገብቼ፣ እጃቸውን ይዤ፣ እንደማይድኑና ሳምንታት ብቻ እንደቀሩ በአማርኛ ነገርኳቸው። እንደዚያ ቀን ከብዶኝ የወጣ ቃል የለም።

መጀመሪያ የንስሐ አባታቸውን እንድጠራላቸው አዘዙኝ፤ ቀጥለው በመሬት ተጣልተው ስንት ዓመት ያልተነጋገሯቸው፣ ዝዋይ ያሉት ታናሽ ወንድማቸው ዘንድ እንድደውልላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ወንድማቸው ሲያለቅሱ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አታልቅስ፣ ነግረውኝ ነው የደወልኩት» አሉ አባባ። «ባይነግሩኝ ኖሮ ነገ እደውላለሁ እያልኩ እሄድ ነበር።»