በነዳጁ ውስጥ የነበረው ውሃ

ትንሽ አውሮፕላን ከመነሳቷ በፊት ከክንፏ ሥር ጥቂት ነዳጅ ይቀዳል። የሚቀዳበት ብርጭቆ የሕፃናት ሽሮፕ መለኪያ ያህላል። ነዳጁ ውስጥ ውሃ ከገባ ከታች ይዘቅጣል፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየ ሰው አይስተውም። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አንድ ቀን ጠዋት ያንን ሁለት ደቂቃ ዘለልኩት። የዘለልኩት ሰው አፍሬ ነው።

ፓይለት ነኝ። ፈቃዴ እስኪመለስልኝ ድረስ «ነበርኩ» ማለቱ ይሻል ይሆናል። የማበርራት አውሮፕላን አንድ ሞተርና አራት መቀመጫ ያላት ናት። የምንኖረው መሪ ነው። አባቴ ከሾላ ገበያ የካ አባዶ ሚኒባስ ይነዳል፤ ልጁ አውሮፕላን እንደምታበርር የሚያውቁ ደንበኞቹ መንገድ ሲዘጋጋ «ለልጅህ ደውልላትና መጥታ ታንሳን» ይሉታል። ቀልዱን በየቀኑ ይሰማል፣ በየቀኑ ይስቃል። በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ሁልጊዜ ጠዋት ዘይቱንና ፍሬኑን ሳያይ ቁልፍ አይነካም። «ቢስሚላህ ማለት ጥሩ ነው፤ ዘይት ግን አይሆንም» ይላል።

መካኒካችን ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሰው ነበሩ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ወንዶቹ ፓይለቶች ሲያሾፉብኝ የሞተርን ሕመም በጆሮ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በየጠዋቱ አውሮፕላኗ ጋ ስደርስ «አይቼዋለሁ ልጄ» ይሉኛል። እኔም አመስግኜ፣ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠብቄ፣ ደግሜ አያለሁ። በፊታቸው ማየት «ውሸታም ነዎት» ማለት መስሎ ይታየኝ ነበር። ሌላ ሰው አየም አላየም ፓይለቷ ራሷ ማየት አለባት ይላል ሕጉ። ሕጉን የጻፈው ሰው ግን ጋሼን አያውቃቸውም።

ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ የበልግ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ካፊያው ገና አላባራም፤ ከእንጦጦ በላይ ግን ሰማዩ ተከፍቷል። ተሳፋሪዬ አንድ የካርታ ባለሙያ ነበር፤ ከጅማ መጥቶ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር፣ የመጀመሪያ ልጁን ከወለደ ሁለት ወር ያልሞላው ወጣት። የተራራውን ደን ከአየር ላይ ፎቶ ሊያነሳ ነው። ካሜራውን በጃኬቱ ሸፍኖ «ቶሎ እንውጣ፣ ደመናው ሳይመለስ!» እያለ ይቁነጠነጣል።

ጋሼ እንዳልበሰብስ ብለው ጃንጥላ ይዘውልኝ ከኋላዬ ይከተሉኝ ነበር። ጎማውን አየሁ፣ ዘይቱን አየሁ፣ ጭራዋን አየሁ። ክንፉ ጋ ስደርስ ብርጭቆዋን ከኪሴ አወጣሁ።

«እሱን አይቼዋለሁ ልጄ፣ አትበስብሺ» አሉኝ።

ቆሜ ጠበቅኳቸው። እንደ ሌላው ቀን ዞር እንዲሉልኝ ነበር። እሳቸው ግን አልሄዱም፤ ጃንጥላው ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ነው፣ የእሳቸው ትከሻ ውሃ ያንጠባጥባል። እኚህ ሰው ትከሻቸው እየራሰ ከፊታቸው ጎንበስ ብዬ ሥራቸውን ልመርምር? ዓይኔን በጨው መታጠብ አቃተኝ። ብርጭቆዋን መልሼ ኪሴ ከተትኳት። ወረቀቱ ላይ «ነዳጅ ተፈትሿል» ከሚለው ፊት ለፊት ፈረምኩ።

ስንሳፈር ወጣቱ ቀበቶውን እያሰረ «ሁሉም ታየ?» አለኝ።

«ታይቷል» አልኩት።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። በመሪ በኩል አለፍን፣ የእኛን ብሎክ ጣሪያ ከላይ አየሁት፤ ከዚያ ወደ ግራ ዞረን በየካ በኩል ወደ ተራራው መውጣት ጀመርን። ወጣቱ ፎቶውን ማንሳት ጀምሯል። ባሕር ዛፉ ዝናብ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። አፍንጫዋን ወደ ላይ አቅንቼ ስወጣ ሞተሩ አንዴ ጠፋ ብሎ ተመለሰ።

ወጣቱ ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ። «ምንድነው?»

ነዳጁ ውስጥ ውሃ እንደገባ ዐውቄያለሁ። ከመላ ሰውነቴ ሙቀት የነበረው ብርጭቆዋ የተቀመጠችበት ኪሴ ጋ ብቻ ነው የመሰለኝ። ሞተሩ እንደገና ጠፋ፣ ተመለሰ፣ ጠፋ። ከፊታችን ተራራው፣ ከሥራችን ዛፍ፣ ከኋላችን ቤት በቤት ላይ። ወደ ቀኝ ዞሬ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ያዝኩ። ከየካ አባዶ ባሻገር የእርሻ ማሳ አለ፤ እዚያ ከደረስን ደረስን። በሬዲዮ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ኮንዶሚኒየሞቹ ከፊታችን እየሰፉ መጡ። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ቀለሙ ሳይቀር ይታየኛል። ወጣቱ ክንዴን ጨመደደኝ። «እዚያ ውስጥ ልጄ አለ!» ብሎ ጮኸ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ብሎኮቹን እለፊያቸው!»

ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሳ። ምናልባት ለአሥር ሴኮንድ ይሆናል። በዚያች አሥር ሴኮንድ የመጨረሻውን ጣሪያ አለፍን። ከዚያ ዝም አለ፤ ንፋሱ ብቻ ቀረ። ማሳው ላይ አረፍኩ፤ መሬት መንካታችን ደህና ነበር፣ ዝናቡ የቦረቦረውን ቦይ ግን አላየሁትም። የፊት ጎማው ገባበትና በአፍንጫችን ተተከልን። እኔ የእጄ አንጓ ወለም አለ። እሱ ሁለቱም እግሮቹ ከመቀመጫው ሥር ተያዙ። ገበሬዎቹ መጥተው በሩን በመጥረቢያ እስኪከፍቱት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም፤ «ብሎኮቹን አለፍናቸው አይደል?» እያለ ብቻ ይደጋግም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ሆስፒታል ስጠይቀው እጄን ይዞ ሳመኝ። የአደጋው መርማሪ ቀድሞኝ መጥቶ አነጋግሮታል። «በደንብ ስትፈትሽ አይቻታለሁ ብዬዋለሁ» አለኝ። «በሕይወት የተረፍኩት በአንቺ ነው። አይተሽው ነበር አይደል?»

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የናቅኩት ሥራ የለኝም።

መርማሪው ቃሌን በጽሑፍ ሰኞ ጠዋት እንዳመጣ ነገረኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን መጡ። በወጉ እሳቸው ውጭ ሆነው እስኪጠሩ ይጠብቃሉ፤ ግን ገብተው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን እንደ ሌሎቹ ከደጅ አውልቀዋል። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እናቴ ያቀረበችውን ሻይ አልነኩም። መልስ ሳያገኙ እንደማይቀምሱ የማያውቅ የለም።

ከሦስቱ አንዱ የጋሼ ዕድር ዳኛ ነበሩ። «ልጃችን» አሉኝ፣ «ማንንም ክሰሺ፣ ማንንም ዋሺ አላልንም። ቀድቼ አየሁ፣ ንጹህ ነበር በይ። ያ ምስኪን ልጅ እንኳ አይታለች ብሎ መስክሮልሻል። ያንቺም ፈቃድ ይተርፋል፣ የእኚህም ሰው ጡረታ ይተርፋል። እኛ ቆመናል።»

ሌላው ሐጂ ነበሩ፤ ለአባቴ «እስቲ አንተም ልጅህን አንድ በላት» አሉት።

አባቴ ሽማግሌ ከቤቱ መልሶ አያውቅም። «የበረረችው እሷ ናት» አለ፤ «እኔ ምን ልላት እችላለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሦስት ሽማግሌ ቆሞ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ። እዚያ አውሮፕላኗ ሥር የያዘኝ ያው እፍረት ተመልሶ መጣ። «እሺ» ብል ሁሉም ይመርቁኛል፣ ሻዩን ይጠጣሉ፣ ሰኞም በሰላም ያልፋል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያ ወጣት እግሩ ተይዞ ዝም ያለው ትዝ ባይለኝ ኖሮ «እሺ» እል ነበር።

«ይቅር በሉኝ» አልኩ። «አላየሁም። አላየሁም ብዬ ነው የምጽፈው።»

አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳኛው «እሺ እንግዲህ» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አባቴ ይቅርታ እየጠየቀ እስከ ደረጃው ሊሸኛቸው ወጣ። ጋሼ ብቻ ደጃፉ ላይ ቀሩ። ጫማቸውን አጥልቀው ማሰሪያው ላይ ለመጎንበስ ይታገላሉ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል። አንጀቴን በሉት። ተንበርክኬ ላስርላቸው ጀመርኩ።

«እኔም አላየሁትም ነበር» አሉ ከላዬ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

እጄ ቆመ።

«ጉልበቴ ከክንፉ ሥር መግባት እንቢ ካለኝ ሁለት ወሩ ነው። ጡረታዬ ሳይደርስ እንዳያሰናብቱኝ ደበቅኩ። አንቺ ታዪዋለሽ ብዬ ነው። ዞር ስል እየደገምሽ እንደምታዪ ዐውቅ ነበር እኮ ልጄ። ሁልጊዜ ታዪ ነበር።»

«ያን ቀን ለምን ዞር አላሉልኝም?» አልኳቸው።

«ትበሰብሻለሽ ብዬ ነዋ» አሉ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኛ ሁለታችን ጠርጥረናል፤ ያልተናገርነው ተፋፍረን ነው። ሁለተኛውን ጫማ አሰርኩ። ቀና ሳልል «ነገ ይህንኑ ይናገሩ ጋሼ» አልኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝና ሄዱ። ምርቃቱ «እሺ» ይሁን «እንቢ» ሊገባኝ አልቻለም።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሆስፒታል ገባሁ። ለወጣቱ እንዳልፈተሽኩ፣ አንገቴን ስነቀንቅለትም እንደዋሸሁት ነገርኩት። ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ አጠገቡ ተቀምጣለች። እሱ «ውጪልኝ» አለኝ። ያለው ይህንን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አላነጋገረኝም። በክራንች መሄድ እንደጀመረ ከሰው ሰማሁ።

መርማሪው ጽሑፌን ሁለት ጊዜ አነበበው። «መካኒኩ አይቻለሁ ብለውሻል፤ እሳቸውም ዛሬ ጠዋት ቀድመውሽ መጥተው ይህንኑ ፈርመዋል» አለኝ። «በእርግጥ አይተው ነበር?»

ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ደጃፋችን ላይ የተባለውን ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ግን ጉልበታቸው ለሁለት ወር ስንት ጠዋት ያልፈተሸውን ነገር አይቼዋለሁ እንዳስባላቸው አሰብኩ፤ በእነዚያ ጠዋቶች ሁሉ የበረርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

«አላዩም» አልኩት። «ትናንት ራሳቸው ነግረውኛል።»

ጡረታቸው አልተነካም፤ ከሥራ ግን በዚያው ሳምንት፣ ያለ ሽኝት ወጡ። ትክክል እንደሠራሁ ዐውቃለሁ፤ ዐውቄውም ያመኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ አገኘኋቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከአንዲት ነጋዴ ቲማቲም ይመርጣሉ። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩና «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ» አልኳቸው። ድምፄን ለዩት፤ እጃቸው ለአፍታ ቆም ብሏል። ከዚያ ቲማቲሙን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ሥሩን እየገለበጡ ማየታቸውን ቀጠሉ። መርጠው እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ቀና አላሉም።