የአይከሉ ሞክሼዬ በሬዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ዘንድሮ፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በተጀመረ ሰሞን ነው። በሬ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ በሬ ሳያዩ መዋል ቀላል አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከትምህርቴ ጎን ለጎን በኢንተርኔት የሚሠራ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ፣ አንድ የውጭ ድርጅት የአማርኛ ድምፅ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እንድገለብጥ ሊቀጥረኝ ተስማማ። አባቴ በአንድ ደብር መሪጌታ ነው። ከሚያገኛት ላይ ለእኔ መቁረሱን እንዲያቆም ስለፈለግሁ ለሥራው በጣም ጓጉቼ ነበር። የቀረው ማንነቴን የማጣራቱ ነገር ብቻ ነው።

የማጣሪያው ውጤት መጣ። «ለበሬ ማደለቢያ የወሰዱት ያልተከፈለ ብድር አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማስተካከያ ካላቀረቡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ይላል። እኔ ያደግሁት ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ከተማ ነው። ማደለብ ቀርቶ፣ በሬ ሲመጣ መንገድ የምለቅ ሰው ነኝ።

ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋሙ ቅርንጫፍ ሮጥሁ። ሠራተኛዋ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፈችና ቀና አለች።

«ሙሉቀን አለሙ ታደሰ፤ ብድሩ የወጣው ከአይከል ቅርንጫፍ ነው። በሬዎቹስ ደህና ናቸው?»

«እህቴ፣ እኔ በሬ የለኝም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለች። የተበዳሪውን ፎቶ ስትከፍት ግን ሳቋ መጣ። ነጭ ጢም ያላቸው ሰውዬ ናቸው። አባቴ በልጅነቴ እዚሁ ተቋም የቁጠባ ሒሳብ ከፍቶልኝ ነበር። ሦስቱም ስማችን ስለገጠመ የሰውዬው ብድር እዚያ ላይ ተመዝግቧል። ለማረም ሁለታችንም መታወቂያ ይዘን አይከል መቅረብ አለብን።

በማግስቱ በሚኒባስ አይከል ሄድሁ። ሰውዬውን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከበረታቸው ደጃፍ አገኘኋቸውና፣ «አያ፣ ሙሉቀን አለሙ እባላለሁ» ብዬ ጉዳዬን ዘረዘርሁ። ሌላውን ሁሉ ትተው ስሜን ብቻ ያዙ።

«ሞክሼ፣ ምነው ታዲያ ቆመህ?»

«አያ፣ ቢሮው እንዳይዘጋብን...»

«አያ አትበለኝ። ሞክሼ ሞክሼውን በስም አይጠራም፣ አያም አይለውም።»

ከአባቴ የሚበልጡ ሰው ናቸው። መድፈሩም ማስቀየሙም ስለከበደኝ «አያ ሞክሼ» ማለት ጀመርሁ። ሞክሼ ሳይቀምስ አይሸኝም ተባልሁና በላሁ። በሬዎቹንም ጎበኘሁ። ሸጋ ነበሩ።

ቢሮው ስንደርስ ግን የብድር ሠራተኛው፣ «አያ ሙሉቀን፣ ይህ ዕዳ ወደ እርስዎ ከተመለሰ፣ እሱ እስኪዘጋ የጠየቁት አዲስ ብድር ይቆያል» አላቸው። በአዲሱ ብድር የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊገዙ አስበው ነበር። አንገቴን ደፋሁ። የእኔን ሥራ ለማዳን የእሳቸውን ሞተር ላስቀር ነው።

እሳቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይኸ ልጅ ቢያፍር፣ ያፈረው ሙሉቀን አለሙ ነው። የእኔን ለእኔ መልሰው» አሉና ፈረሙ። ሞተሩ በሬዎቹ ለፋሲካ እስኪሸጡ ጠበቀ። ሠራተኛውም የማስተካከያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ለማስረጃ መታወቂያችንን አስይዞ ጎን ለጎን ፎቶ አነሳንና ለእኔም ላከልኝ።

ደብዳቤውን ለድርጅቱ ላክሁ። ድርጅቱ አመስግኖ፣ ስለ እኔ የሚመሰክር አንድ ሰው ስልክ ጠየቀ። በደስታ ብዛት የአያ ሞክሼን ሰጠሁ። የድርጅቱ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ደውሎ «ሙሉቀን አለሙን ያውቁታል?» ሲላቸው፣ «እንዴት አላውቀው፣ እኔው ነኝ» ብለው መለሱ።

ወዲያው ኢሜይል ደረሰኝ፤ ምስክር አድርጌ ያቀረብሁት ራሴን እንደሆነ በትሕትና ይገልጻል። ሮጬ ያንን ፎቶ ለድርጅቱ ላክሁ። አንድ ነጭ ጢም፣ አንድ ጢም አልባ፣ ሁለት መታወቂያ። ፎቶው አሳመናቸውና ሥራውን ጀመርሁ።

ለአያ ሞክሼ ስነግራቸው ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። «ታዲያ ምኑን ዋሸሁ?» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ አሁን ተለያይተናል። እኔ ግን ስሜን የትም ስፈርም፣ አይከል ያሉ አንድ ሽማግሌ አብረውኝ የሚፈርሙ ይመስለኛል። ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ አንብቤ ነው የምፈርመው።