እማዬ ቪዛ ተከለከለች

«ተመልሰው ለመምጣትዎ ምን ማረጋገጫ አለዎት?» አላት ዛሬ ጠዋት የኤምባሲው አስተርጓሚ እማዬን።

«ወላሂ እመለሳለሁ! ጨፋ ላይ ያለው ማሽላዬ ሊታጨድ ነው። የልጄን ልጅ አንዴ አቅፌው እመጣለሁ።»

ቅጹ ላይ ግን «ወላሂ» የሚሞላበት ቦታ የለም።

እህቴ ከአገር ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጇን የወለደችው ባለፈው ወር ነው።

ቪዛው ተከለከለ። ወደ ከሚሴ ስንመለስ እማዬ መኪና ውስጥ፣ ደብረ ሲናን ካለፍን በኋላ፦

«ለቪዛው ከተነሳሁት ፎቶ ተርፏል?» አለችኝ።

«ሁለት አለ፣ እማዬ።»

«ለእህትህ ላክላት። ሕፃኑ የሚተኛበት አጠገብ ታድርገው። ፊቴን ይልመደው፤ አላህ ያገናኘን ቀን ፈርቶኝ እንዳያለቅስ።»

በእናንተስ ቤት በፎቶ ብቻ የምትታወቅ አያት አለች? እስቲ ንገሩኝ።