ሄሊኮፕተር ጀፎረ ላይ ያረፈበት ቅዳሜ

ዓርብ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፦ ቡታጅራ

የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ ሳልታጠብ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። የምሄደው ለአንድ ሥራ ነው፤ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ ሰው እንዳይጠጋ መከልከል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ታምራት ወልቂጤ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው። አባቱ አቶ ወልዴ አዲስ አበባ የሚኖሩ ነጋዴ ናቸው። ጀርባቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ሐኪማቸው በመኪና ረጅም መንገድ እንዳይሄዱ ከልክሏቸዋል። ታላቅ እህታቸው እማማ ተረፈች ደግሞ ከጉንችሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው የሚኖሩ፣ ከቀያቸው መራቅ የማይችሉ አዛውንት ናቸው። ወንድምና እህት ከተያዩ አራት ዓመት አለፋቸው። በመጨረሻ ልጆቹ ተሰባስበው ሄሊኮፕተር ተከራዩ። ታምራት ደውሎ፣ “አንተ ማስረዳት ትወዳለህ፤ ና አስረዳልኝ” አለኝ።

ሚኒባሱ እስከ ወልቂጤ ሦስት መቶ ብር አስከፈለኝ። የዘቢዳርን ተራራ ስንወጣ ጉም መስኮቱን ሸፈነው፤ ወዲያ ማዶ ስንወርድ ደግሞ የእንሰቱ አረንጓዴ በፀሐይ አበራ። ጉብሬ ላይ ደብተር የታቀፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞሉን። ወልቂጤ ስደርስ ታምራት የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ተቀበለኝ።

የሄሊኮፕተሩን ካፒቴን ትእዛዝ በስልክ ተቀብሎ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎታል። እኔ በደብተሬ አስተካክዬ ገለበጥኩት። ሜዳው ላይ የሚበር ነገር አይኑር፤ ጨርቅም፣ ሣርም፣ ላስቲክም። ሰው ቢያንስ መቶ እርምጃ ይራቅ። ከላይ የሚሽከረከረው መዘውር ፈጽሞ ሳይቆም ማንም አይቅረብ። አንድ ሰው እንኳ ሜዳው ላይ ካለ አያርፍም፤ ነዳጁ ለመመለሻ ስለሆነ ብዙ መጠበቅ አይችልም፣ አቶ ወልዴን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

“አባቴ ከዚህ በኋላ እሺ ብሎ የሚነሳ አይመስለኝም” አለ ታምራት። “ነገ ካልሆነ አይሆንም።”

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፦ ወደ ጉንችሬ

የጠዋቱ ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አታት ሆስፒታል ለተኛች ልጃቸው ምሳ የያዙ ነበሩ። ወዴት እንደምሄድ ሲሰሙ፣ ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍ እንደ አሞራ እየሮጠ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ አስረዳኋቸው። እጄን እያሽከረከርኩ የነፋሱን ግፊት ስገልጽ ረዳቱ፣ “አስተማሪ፣ ክንፍህን ሰብሰብ አድርግ፤ ሰው ይገባል” አለኝና መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ከታምራት ጋር ጉንችሬ ገበያ ቁርስ በላን፤ ከዚያ ከቃጫ የተገመደ ረጅም ገመድ ገዛን። በባጃጅ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መንደሩ ደረስን።

ጀፎረን ላላየ ልግለጽ። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፣ አጭር ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር አደባባይ ነው። ማንም አጥር አያስገባበትም፣ አያርሰውም። ለሠርግም ለለቅሶም የሁሉም ነው። ለሄሊኮፕተር ማረፊያ የሚሆን ቦታ ፈልግ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም ነበር።

ግን ስደርስ ደነገጥኩ። የመንደሩ ሴቶች ከንጋት ጀምረው ያጨዱትን ለምለም ሣር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎዝጉዘውታል። መሀል ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ የአቶ ወልዴ መቀመጫም በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ካፒቴኑ እንዳይኖር ያለው ነገር በሙሉ ለአቶ ወልዴ ክብር ተዘጋጅቶ ቀርቧል።

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ አየር ግፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሴቶቹ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ ሰፌድ ለመንኩ። ሣሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳራግብ ሣሩ ተነስቶ የእትዬ ዘነበችን ፊት ሸፈነው። እትዬ ዘነበች የእማማ ተረፈች ጎረቤት፣ የዝግጅቱም አለቃ ናቸው። ከቅንድባቸው ላይ ሣር እየለቀሙ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ።

“ገባን። እና ወልዴ ባዶ መሬት ሊረግጥ ነው? ከአራት ዓመት በኋላ?”

መልሱንም ራሳቸው አገኙት፤ ሣሩ ተሰብስቦ ከእንሰቱ ጥግ ይቀመጥ፣ መዘውሩ ሲቆም ከገመዱ እስከ ቤቱ ይጎዝጎዝ። ድንኳኑንም ነጩን ጨርቅም ወንዶቹ አነሱ። እኔ መቶ ሃያ እርምጃ ቆጥሬ ገመዱን ወጠርኩ።

5 ሰዓት፦ ጀፎረው ላይ

ድምፁ በጉብሬ በኩል ሲሰማ መንደሩ በሙሉ ከገመዱ ጀርባ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ከፍ ብሎ አንዴ ዞረን፤ ቤቶቹንም የታሰሩትን ከብቶችም የሚያይ ይመስላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ዝቅ ማለት ጀመረ።

በዚህ መሀል እማማ ተረፈች ገመዱን በምርኩዛቸው ከፍ አድርገው ሾልከው ወጡ። ቀጥ ብለው ወደ ሜዳው መሀል አመሩ።

ሄሊኮፕተሩ ወዲያው ተመልሶ ከፍ አለ። ታምራት ራሱን ያዘ። እኔ ያወጣሁትን ደንብ ራሴ ጥሼ ሮጥኩ።

“እማማ፣ ይመለሱ። ነፋሱ ይጥልዎታል። ካልተመለሱ አያርፍም፣ ይዟቸው ይሄዳል።”

“ልጄ፣ አንተ አስተማሪ ነህ። እኔ እህቱ ነኝ” አሉ ሳይቆሙ። “እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ መቀበል ነው እንጂ በገመድ ታስሮ መጠበቅን የት አየኸው?”

ነፋሱ ይጥልዎታል የሚለውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ እሳቸው ግን መራመዳቸውን አልተዉም። እጃቸውን ይዤ እንዳልጎትት ደግሞ የማይደፈር ነው። ከኋላዬ እትዬ ዘነበች እያለከለኩ ደረሱ።

“እትዬ፣ ያቺን ገመድ እንደ ደጅ ይዩዋት። እንግዳን ደጅ ላይ ቆሞ መቀበል ነው። ሜዳ መሀል የሚቀበሉት ቤት የሌላቸው ናቸው።”

እማማ ተረፈች ቆሙ። ገመዱን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

“ደጅ ናት?”

“አዎ፣ ደጅ ናት” አልኩ።

ዞሩ። አልቸኮሉም። በምርኩዛቸው አንድ አንድ እርምጃ እየለኩ ተመለሱ፤ እኔም ከጎናቸው እያንዳንዷን እርምጃ ስቆጥር ነዳጁ ሲያልቅ ይታየኝ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ግን አልሄደም። ሊያስቸኩላቸው አልተጠጋም፤ እንዲያውም ነፋሱ እንዳይነካቸው ራቅ ብሎ በሸንተረሩ ላይ ጠበቀ።

ገመዱን ሲያልፉ ሄሊኮፕተሩ ከቤቶቹ ርቆ፣ በጀፎረው የታችኛው ጫፍ አረፈ። መዘውሩ እስኪቆም ማንም አልተነቃነቀም። መጀመሪያ የወረደው ካፒቴኑ ብቻውን ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው። ያንን ሁሉ ርቀት በእግሩ መጥቶ ገመዱ ጋ ቆመ፣ አልተሻገረም። ኮፍያውን አወለቀ።

“ቤቶች። እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ። ይግባ?”

እኛ የተነጋገርነውን ሊሰማ አይችልም። ሰው ደጅ ስንደርስ ሁላችንም የምንለውን ነው ያለው። እማማ ተረፈች ግን ተገቢ ሰው እንደመጣ አወቁ። “ይግባ። አንተም ግባ” አሉት።

ሣሩ ተጎዘጎዘ። አቶ ወልዴ በልጃቸው በታምራት ትከሻ ተደግፈው መጡ። እህታቸው ሁለት እጃቸውን ይዘው በጉራግኛ ለረጅም ጊዜ አናገሯቸው። እኔ የመስቃን ልጅ ስለሆንኩና ጉራግኛችን ስለሚለያይ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው፤ ከስቷል፣ ማን ነው የሚያበላው የሚለውን ለይቻለሁ። አቶ ወልዴ እንደ ተማሪ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያለቅሱ ነበር።

ምሳ

ክትፎው ከቆጮና ከአይብ ጋር ቀረበ። ካፒቴኑ አንድ ዓይኑን ከደመናው ሳይነቅል በላ። ለምን ቶሎ እንዳልሄደ ጠየቅኩት። ነዳጅ ሲያሰላ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ እንደሚይዝ ነገረኝ። “በዚያ ዕድሜ ላስሮጣቸው ነበር?” አለ። ከምሳ በኋላ በሄሊኮፕተሩ ድምፅ የደነበረች ላም ማሰሪያዋን በጥሳ እንደነበር ሲሰማ ባለቤቷን ፈልጎ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየው በጣም ከመደሰቱ የተነሳ የላሟን የዘር ሐረግ ሁሉ ነገረው።

ካፒቴኑ ሰኞ ተመልሶ አቶ ወልዴን ሊወስድ ተቀጣጥሮ ሊነሳ ሲል ሰዉን ወደ ኋላ ለማድረግ ተነሳሁ፤ ሥራዬ ግን ተወስዶብኛል። እማማ ተረፈች ምርኩዛቸውን ይዘው መንደሩን በሙሉ ከገመዱ ጀርባ አሰልፈዋል። እኔ ቪዲዮ ለመቅረጽ ሁለት እርምጃ ሳልፍ ኮቴን ይዘው ጎተቱኝ። ሰው ፊት እንዲህ የተቆጣኝ የለም፤ ደስ እያለኝ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፦ ቡታጅራ

ቤቴ የገባሁት አቧራ ለብሼ፣ ከእትዬ ዘነበች የተላከ አንድ ጥቅል ቆጮ ይዤ ነው። ሳስተምር አንድ ነገር ካልገባ ጮክ ብዬ የምደግም ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ብደግመውም እማማ ተረፈችን አንዲት እርምጃ አልመለስኳቸውም፤ የመለሷቸው የሚያከብሩትን የሚያውቁ ጎረቤታቸው ናቸው። ካፒቴኑም ማንም ላይ ሳይጮህ ሁሉን አስታግሶ አረፈ። ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመጀመር አስቤያለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ታምራት ደወለ። አባቱ በነገው ዕለት የመመለስ ቀጠሯቸውን አልፈልግም ብለዋል፤ እህትና ወንድም ከትናንት ጀምሮ ወሬያቸውን አልጨረሱም። ካፒቴኑ እንዳይቆጣ እየፈራ ደውሎ ነግሮታል።

“እሱስ ምን አለህ?” አልኩት።

“ይጨርሱ፣ ሲጨርሱ እመጣለሁ አለ። ከብቶቹን ግን ቀደም ብላችሁ አርቃችሁ እሰሩ ብሏል።”