መምሬ የሉም ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም አልነገርኩትም። በጸሎት ቡድናችን ሌሎቹ እያለቀሱ ሲናዘዙ እኔ ትንንሾቹን እየመረጥኩ እናዘዛለሁ፤ ሐሜት፣ ቁጣ፣ ቅናት። ይህኛውን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ለእግዚአብሔርስ ነግሬዋለሁ? እሱ ያውቀዋል እያልኩ ነው የማልፈው። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ከይታይሽ ጋር በአጥር እንዋሰናለን። ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ከእኔ እኩል ኦሮምኛ ታወራለች። እሷ ኦርቶዶክስ ናት። እኔ በወጣትነቴ ጌታን ተቀብዬ፣ ወንዝ ወርጄ የተጠመቅሁ ጴንጤ ነኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አያጠምቅም፤ አምኖ በራሱ አፍ የጠየቀ ብቻ ነው ውሃ የሚገባው።

ይታይሽ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በሁለተኛው ወር ሕፃኗ ታመመች። በእነሱ ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ እናቲቱም ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሐኪም ቤት ወስደናት፣ ቤታችሁ ይዛችኋት ሂዱ ተብለን ተመልሰናል። ባሏ እህል ሊጭን ሲሬ ሄዷል። ያኔ በሰፈራችን ሞባይል የያዘ ሰው አልነበረም። ይታይሽ ልጇን እንደታቀፈች ቀና ብላ አየችኝ።

«ቢፍቱዬ፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ መምሬ ጋ ሩጪልኝ። ሰማንያዋን አትጠብቅም በያቸው። የሚያሰጋ ከሆነ ቀኑ ሳይሞላም ያጠምቃሉ። ሳትጠመቅ እንዳትሄድብኝ።»

ኦቦሌቲ ኮ እህቴ ማለት ነው። እህቴ ብላ ነው የላከችኝ።

ሮጥኩ። በእውነት ሮጬ ነበር። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ዝናቡ ወረደና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ። የመዘምራን መሪያችን እዚያው ተጠልላ ቆማለች። እኔ መዘምራን ከገባሁ ገና ወሩ ነው። ባለፈው እሑድ አንዷን እህት ለክርስትና ድግስ ቄስ ቤት ታየች ብላ በሰው ፊት አስነሥታ ገሥጻታለች። «ቢፍቱ፣ አካም ጂርታ? በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አለችኝ። «ስኳር ልገዛ» አልኳት።

የመምሬ የቆርቆሮ በር ከመንገዱ ማዶ ይታየኛል። ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሳቸውን ሳል እሰማለሁ። መሻገር ብቻ ነበር የቀረኝ። አልተሻገርኩም። ቆሜ ለራሴ መስበክ ጀመርኩ። ውሃ ምን ያደርግላታል? ከጌታ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ ማን አጠመቀው? ሕፃን ምን ኃጢአት አለባትና? ጥቅሱ ሁሉ ተራ በተራ መጣልኝ። እንደዚያን ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ተገልጦልኝ አያውቅም። ግን እምነቴ ነበር ያቆመኝ? እምነቴ አልነበረም። ያቺ ሴትዮ እንዳታየኝ ነው የፈራሁት። ሰው ፈርቼ፣ የጌታን ቃል ሰበብ አደረግሁት።

ዝናቡ ሲያባራ ተመለስኩ። «መምሬ የሉም፤ ለቀብር ገጠር ወርደዋል አሉኝ» አልኳት። ይታይሽ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ጀምበር ሳትጠልቅ ሕፃኗ ዐረፈች።

ስላልተጠመቀች ፍትሐት አልተደረገላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቀበሯት። መምሬ ለቅሶ ሲደርሱ እኔ ጓዳ ገብቼ ድምፃቸውን አዳመጥኩ። ቤቴ ነበርኩ ይሏት ይሆን? ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አላውቅም። ይታይሽ አልጠየቀችኝም። እኔም እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ያንን ቀን አንስቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለጥምቀት የተባረከውን ውሃ በሃይላንድ ትቀዳና ሄዳ አጥሩ ሥር ታፈስሰዋለች። መምሬ ይህ ጥምቀት አይሆንም ብለዋታል። ታፈስሰዋለች እንጂ አትተወውም። አንድ ጊዜ ከዚያው ስትመለስ በቤቶቻችን መካከል ያለው አጥር ላይ ተደግፋ ጠየቀችኝ። «በእናንተስ ምን ይላሉ? ትድናለች?»

«ትድናለች» አልኳት። «ውሃ አይደለም የሚያድነው።» ይህን አምናለሁ። በዚያች ሰዓት ያለኝ እውነት ይህ ብቻ ነበር፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ውሸት ውሸት አለኝ። እሷ ግን እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። አመሰገነችኝ! እኔም ምስጋናዋን ተቀበልኩ።

ባለፈው ክረምት የልጄ የሌንሳ ሕፃን ታማ ሆስፒታል አስገባናት። ኦክሲጅን ተደረገላት፤ ሐኪሙ ሌንሳን ለብቻዋ ጠርቶ ወሰዳት። ፓስተራችን መጥቶ እንዲጸልይላት ብደውል ብደውል ኔትወርክ የለም። ይታይሽ አጠገቤ ነበረች። ምንም ሳልላት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ውጭው ዶፍ ነው።

«ይታይሽ፣ ተዪ፣ ጉልበትሽን ያምሻል» አልኳት።

«አይዞሽ» አለችኝ። «እኔ አላጣቸውም።»

እንዲህ ነው ያለችኝ። እኔ አላጣቸውም። ታውቃለች ማለት ነው? ወይስ እንዲሁ ማጽናኛ ነው? ይህችን ቃል ስንት ቀን አኝኬያታለሁ፤ አልዋጥልሽ አለችኝ።

እሷ እንደወጣች ሕፃኗ አንዴ ትንፋሿ ቁርጥ ብሎ ተመለሰ። እኔም ያልኩትን ሁሉ፣ ለሌላ ሰው ያስተማርኩትን ሁሉ ረሳሁ። ከቧንቧው በእፍኜ ውሃ ቀድቼ ግንባሯ ላይ አደረግሁት። «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ» አልኩ። ማንም አልፈቀደልኝም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ለዚያችኛዋ ምን ያደርግላታል ያልኩትን ውሃ የራሴን የልጅ ልጅ ግን አልነፈግኋትም።

ብዙም ሳይቆይ ይታይሽ ፓስተሩን ይዛ ገባች። የእሷ ያልሆነውን ፓስተር፣ ያልተላከችበትን፣ ከጫማዋ እስከ ጸጉሯ በስብሳ። እሱ ሲጸልይ እሷ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ግንባር ነካች።

«ላቧ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ላቧ ነው» አልኳት።

ሕፃኗ ድናለች። አሁን አጥሩን ይዛ ትቆማለች፤ ይታይሽን ስታይ ትፍለቀለቃለች። ይታይሽ ግን ያን ዕለት በዝናብ ከሮጠች ወዲህ ጉልበቷ አብጦ ቁልቁለት አይወርድላትም። ባለፈው ሳምንት ጠራችኝ። ጥምቀት እየደረሰ ነው። ባዶውን ሃይላንድ አጥባ፣ ክዳኑን ገጥማ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ።

«ዘንድሮ እኔ አልችልም። ቀድተሽ አንቺ አፍስሺልኝ፤ ቦታውን ታውቂዋለሽ» አለችኝ።

ሃይላንዱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ብነግራት ትቀማኝ ይሆናል፤ መብቷም ነው። ሳልነግራት ሄጄ ባፈስሰው ደግሞ በዚያች ልጅ ላይ የማፈስሰው ምኑን ነው? ውሃ ያድናል አያድንም የሚለውን የሚያውቁ ይከራከሩበት። እኔ ላይ የቀረው አንድ መንገድ መሻገር ነበር፤ አልተሻገርኩም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ዝናብ ነበር አልልም። እናንተም ይቅር እንድትሉኝ አልለምንም፤ የእናንተ ልጅ አልነበረችም። ይቅር የምትለኝም ይቅርታዋን የምትከለክለኝም ይታይሽ ናት፤ እሷም ከአጥሩ ወዲያ ስሳል ትሰማኛለች።

ነገ ጠዋት ሃይላንዱን ባዶውን ይዤ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ስኳር ልገዛ ነው እንዳልል ጸልዩልኝ።