ትርፍ ሠራተኛዋ

ሰፈሩ ሁሉ «ትርፌ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ዛሬ የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ይህን አዲሱን ስም ያተረፈላት የአማቷ አፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርፌ በአንድ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ ኖረች። ሰፊዎቹ መቶ ሃምሳ፣ ቆራጮቹ ስድስት፣ ከስድስቱ አንዷ እሷ። ገበያው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የትርፍ ሰዓቱ ሥራ ቀረ፣ ቀጥሎ አንዱ ፈረቃ ቀረ፣ በመጨረሻ ሰው መቅረት ጀመረ። ለእሷም ደብዳቤው ደረሳት። ቤት እንደገባች፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «በገጠመን የገበያ መቀዛቀዝ ምክንያት በክፍሉ ትርፍ ሠራተኛ ሆነው ስለተገኙ…» ይላል። አማቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሯቸው ግን የሰፈሩን ወሬ አንድም አያመልጠውም።

«ትርፍ ነሽ ነው ያሉሽ?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ትርፍ የሆነ ሰው ይባረራል እንዴ? የሚባረረው ኪሳራው አይደል?»

ትርፌ ልታስረዳ አፏን ከፈተችና ተወችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ አማቷን ተከራክራ የረታችበት ቀን የለም። እሳቸው ግን ነገሩን አልተዉትም። በማግስቱ ለዳቦ ሻጩም፣ ለጎረቤቷም፣ ለጫማ ጠጋኙም «ምራቴን ትርፍ ናት ብለው በማኅተም ጽፈውላታል» እያሉ አወሩ። ሳምንት ሳይሞላ ስሙ ጸደቀ። መጀመሪያ ያበሽቃት ነበር። ኋላ ግን «ኪሳራዬ ከመባል ይሻላል» ብላ ለበሰችው።

ሥራ መፈለግም ሥራ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ፋብሪካ ትገባ በነበረበት ሰዓት ትነሳለች፣ ፀጉሯን ታስራለች፣ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። በቀን ሦስት በር ታንኳኳለች፤ አራተኛ የለም። «አራተኛው በር ላይ ፊቴ ይደክመዋል፤ የደከመ ፊት ደግሞ ማንም አይቀጥርም» ትላለች። የበር ጠባቂዎችን ሁሉ በመልክ ለየቻቸው፤ አንዳንዶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ገና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ደውለን እናሳውቅዎታለን» የሚሏትን ደግሞ ፈገግ ብላ ታመሰግንና መንገድ ላይ «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እያለች ለብቻዋ ትስቃለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። የጠየቀቻቸው ሁሉ ዕድሜዋን ሲያዩ ወረቀቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ እሷ ደግሞ አገጯን ከፍ ታደርጋለች።

ሁልጊዜ ጀግና ነበረች ማለቴ አይደለም። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀምጣ ሁለት አውቶቡስ አሳለፈች። ሆድ ብሷት አለቀሰች። ሦስተኛው ሲመጣ ግን አፍንጫዋን ጠርጋ ተሳፈረች፣ የቀራትን አንድ በርም ሄዳ አንኳኳች። እሱም አልተከፈተም። ቢሆንም ሦስት ሦስት ነው።

የሚያንገበግባት የልጇ ነገር ነበር። ልጅቷ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ናት፤ አንድ ዓመት ቀርቷታል። እንደ እናቷ አንዴ ካለች አለች ነው። «እስከ ምዝገባው ቀን ሥራ ካላገኘሽ እኔ ሱቅ እገባለሁ፤ ትምህርቱ የትም አይሄድም» አለች። ስልክ የሚሸጥ አንድ ሱቅም ተቀብሏታል። ትርፌ ግን ትምህርት እንደሚሄድ፣ ሄዶም እንደማይመለስ ታውቃለች፤ እሷን ራሷን ጥሏት ሄዷል። ምዝገባው ዓርብ ነበር። እነሆ ሰባተኛው ወር አልቆ ረቡዕ ሆነ፣ በእጇ ምንም የለም።

የዚያን ዕለት የጎረቤቷ ባል ብቅ አለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ለአንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ድርጅት ጨርቅ ያመላልሳል። «ባለቤቱ ሥራው እየከሰረበት ሲያማርር፣ ትርፍ ታመጣለች ተብሎ በማኅተም የተመሰከረላት ሴት ሰፈራችን አለች አልኩት። ነገ ጠዋት ትምጣ ብሏል» አላት። ትርፌ ወደ አማቷ ዞር ብላ አየቻቸው። አማቷ ግድግዳውን ያያሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሄደች። ባለቤቱ ቢበዛ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድርጅቱን ከአባቱ የወረሰ፣ ችግሩን ግን ራሱ ያመጣ። ደብዳቤዋን ተቀብሎ አነበበ፤ አንዱ መስመር ላይ ሲደርስ ተመልሶ አነበበ።

«እዚህ ላይ ትርፍ ማለት እኮ… ከሚያስፈልገው በላይ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት፤ አማርኛው አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ሹፌሩ ምን ነካው?»

«ሹፌሩ ከሚስቱ ሰማ፣ ሚስቱ ከአማቴ። አማቴ ደግሞ የሚወዱትን ብቻ ነው የሚሰሙት።»

ሳቀ። ሰው ሊሸኙ ሲያስቡ የሚሳቅ ሳቅ ነበር፤ ትርፌ በሰባት ወር ውስጥ ይህን ሳቅ በደንብ አውቃዋለች። ስለዚህ እስኪያበቃ አልጠበቀችም፤ ከቦርሳዋ መቀሱን አውጥታ «ከመጣሁ አይቀር አንድ ጨርቅ ልቁረጥልዎት» አለች።

ለሆስፒታል የሚሰፋ ነጭ ጋዋን ነበር ሥራው። የጨርቁን ጥቅልና ከካርቶን የተቆረጠውን የመቁረጫ ልክ አቀረበላት። «ከዚህ አርባ ጋዋን ይወጣል። ሠላሳ ዘጠኝ ካወጡ አልፈልግም» አለ። ትርፌ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ልኩን አስቀመጠች፣ ጠመኔውን አነሳች። ከዚያ እጇ ቆመ። ልኩ ጠርዝ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከጥጉ የተቆለሉ ያለቁ ጋዋኖች አየች፤ አንዱን አንስታ ብብቱን ስታየው ተተርትሯል። ሌላውም እንደዚያው።

ዝም ብላ ብትቆርጥ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ልኩ የእሱ፣ ጨርቁ የእሱ፣ ኪሳራውም የእሱ። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው። ልጇን ለሱቁ የምትለብሰውን ሸሚዝ ስትተኩስ ትታት ነው የመጣችው። ይህን ሁሉ አሰበችና ጠመኔውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ይህን አልቆርጥም።»

«ምን አሉ?»

«ትርፍ የለውም።» የልኩን ጠርዝ አሳየችው። «ጨርቅ ለመቆጠብ ብለህ የስፌቱን ትርፍ ቀንሰኸዋል። አይ ልጄ፣ ስፌቱ በምን ይያዝ? ትርፍ የሌለው ልብስ ተሰቅሎ ያምራል፤ ለባሹ እጁን ሲያነሳ ይተረተራል። እነዚያን ሆስፒታሉ የመለሰብህ ለዚህ ነው። የልብስ ትርፍ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ የማይታይ ሁሉ ግን የማያስፈልግ አይደለም።»

ስለ ጨርቅ ነበር የምታወራው። ዓይኗ ግን ደብዳቤው ላይ ነበር። «አንተ» ማለቷ፣ ብሎም «ልጄ» ማለቷ የታወቃት ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ባለቤቱ አንዴ ልኩን፣ አንዴ የተቆለሉትን ጋዋኖች አየ።

«ትርፉን ከጨመርኩ ሠላሳ አምስትም አይወጣም» አለ በመጨረሻ።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ።»

ልኩን በሙሉ ጣት አስፍታ አዲስ ካርቶን ላይ ነደፈች። ጨርቁ አንድ ወጥ ነጭ ነው፤ ሽቅብና ቁልቁል የለውም። እሷም አንዱን እጅጌ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች እያደረገች አቃፈቻቸው፤ ኪሱን በአንገቱ ክፍተት፣ ማሰሪያውን ጠርዝ ለጠርዝ አጋደመችው። ሁለት ጊዜ ደመሰሰች፣ ሦስተኛ ጊዜ አሰመረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና አልቸኮለችም። ሰዓቱ ሲሞላ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። አርባ። ተጠራጥሮ ከሌላኛው ጫፍ ጀመረ። አርባ። የተረፈው ቁራጭ ለመሀረብ አይበቃም።

«አባቴ እንዲህ ነበር የሚያስቀምጠው» አለ፣ ድምፁ ለስልሶ። «እኔ ሳልማረው አረፈ።» ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ነገ ጠዋት ይጀምሩ።»

ሰባት ወር ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው። እሷ ግን «ነገ አይመቸኝም» አለች። «ልጄን ላስመዘግብ ነው። ቅዳሜ እገባለሁ።»

«ሥራ ሳይጀምሩ ፈቃድ?»

«ቅዳሜ ቀደም ብዬ እገባለሁ» አለች፤ መቀሷንም ጠቅልላ ወጣች። ደረጃውን እንደ ልጅ እየሮጠች ወረደች። ደስታ እንደዚህ እንደሚያስሮጥ ረስታው ነበር።

ቤት ስትገባ ልጅቷ የተተኮሰውን ሸሚዝ ወንበር ላይ አንጥፋለች። «እንደውላለን አሉሽ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ቅዳሜ ግቢ አሉኝ።»

ልጅቷ ቀና አለች። ስልኳን አንስታ፣ አልመጣም ብላ ሱቁን ይቅርታ ጠየቀች። አማቲቱ «እኔ ምን አልኩ» እያሉ ብቻቸውን ያጉረመርማሉ፣ የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት የምዝገባው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰልፉ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይደርሳል። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ ቅጹን እየሞላች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ጠየቀች።

«የእናት ሥራ?»

ትርፌ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት።

«ቆራጭ።»

«የምን? የትኬት?»

«የጨርቅ» አለች ልጅቷ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ። «ነገ ሥራ ትገባለች።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ትርፌ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን ልጇ እንድታይባት አልፈለገችም። ልጅቷ ግን አይታለች፤ ብዕሩን በቀኝ እጇ ይዛ እየፈረመች፣ በግራ እጇ የእናቷን እጅ ያዘች።